«ድምፅህን አጥፋ!»፦ የወረስነውን ቁጣ ለልጆቻችን እንዳናወርስ፣ ደረጃ በደረጃ

ልጄ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ማታ ምንጣፍ ላይ ሻይ ደፋ። ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው። እኔ ግን ቱግ አልኩ። ደንግጦ ማልቀስ ሲጀምር ጣቴን ቀስሬ «ድምፅህን አጥፋ!» ብዬ አምባረቅኩበት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ጆሮዬ ለየው። የአባቴ ቃል ነው። የጣቴ አቀሳሰር ሳይቀር የእሱ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህን ቃል ያህል የጠላሁት ነገር አልነበረም።

ብዙ ወላጅ ይህን ያውቀዋል። «እኔ በልጄ ላይ አላደርገውም» ብሎ የማለ ሰው፣ አንድ ቀን ደክሞት ከሥራ ሲገባ ያንኑ ነገር አድርጎ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጸጸት ደግሞ እንቅልፍ አያስተኛም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ያደረግኩትን ነው የምጽፍላችሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ያነበብኩትን፣ ባለሙያ የነገረችኝን፣ ቤቴ ውስጥ ሞክሬ የሠራልኝንና ያልሠራልኝን ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ትልቅ ወረቀት፣ አንድ ደብተር፣ እርሳስ ከነላጲሱ ነው። ላጲሱን አትርሱ፤ የቤተሰብ ታሪክ በየሳምንቱ ይቀየራል። ሦስት ወር ያህል ጊዜም ያስፈልጋል። በተረፈ ሳይፈርድ የሚሰማችሁ አንድ ሰው ካላችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ነገሩ በደም ነው ወይስ በአስተዳደግ?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። እኔም ቁጣዬን «የቤታችን ነው» ብዬ ትቼው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአይጥ ነገር ነው።

ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እናት አይጦችን ያጠኑ ነበር። አንዳንዷ እናት ግልገሎቿን አብዝታ ትልሳለች፤ አንዳንዷ ብዙም አትልስም። ብዙ ያልተላሱት አድገው በትንሽ ነገር የሚበረግጉ ይሆናሉ። ሴቶቹ ሲወልዱ ደግሞ እነሱም ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይልሱም። የዘር ነገር ይመስላል፣ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ግን ግልገሎቹን አቀያየሯቸው። ከማትልሰዋ የተወለደችውን ለምትልሰዋ ሰጧት። ያቺ ግልገል ረጋ ያለች ሆና አደገች። ስትወልድም የራሷን ግልገሎች አብዝታ ላሰች። በአንድ ትውልድ ሰንሰለቱ ተቀየረ።

ሰው አይጥ አይደለም። የዘር ድርሻም ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም በቤተሰብ ሲሄድ ይታያል። ነገር ግን የሚወረሰው በደም ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። በእጅ አያያዝም ይወረሳል። እጅ ደግሞ ሊለምድ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ «የልጅነት ጉዳትህን በቁጥር ለካ» የሚሉ የአሥር ጥያቄ ፈተናዎች አሉ። መነሻቸው ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይፋ ያደረጉት ጥናት ነው። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር። ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ ክፉ ገጠመኝ ነበራቸው። ገጠመኙ በበዛ ቁጥር የድብርት፣ የመጠጥ ሱስና የልብ ሕመም ዕድልም ከፍ ይላል። ጥናቱ ትልቅ ነው። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ እናንተ ስለ አንዳችሁ አይደለም። ሮበርት አንዳ ራሱ ኋላ ላይ ይህንኑ ጽፏል። ስለዚህ «ስድስት አመጣሁ፣ አለቀልኝ» ብላችሁ አትዘኑ። ፈተናውን እለፉትና ወረቀቱን አውጡ።

ደረጃ 1፦ የሦስት ትውልድ ካርታ ሳሉ

ወረቀቱን አግድም ዘርጉት። ከላይ አያቶች፣ መሐል ወላጆችና አክስት አጎቶች፣ ከታች እናንተና ወንድም እህቶቻችሁ። ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ። ባለሙያዎችም የሚስሉት እንዲሁ ነው።

የወለደ ብቻ አይደለም የሚገባው። ያሳደገም ይገባል። በአገራችን ልጅ ከአክስት ቤት ወደ አያት ቤት መዞሩ የተለመደ ነው። «ለትምህርት ከተማ ተላከ» የሚባለው ልጅ በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ የሰው ቤት ያደገ ልጅ ነው። እሱን ጻፉ። የሞቱ ሕፃናትንም ጻፉ። አያቴ ዘጠኝ ወልዳ አምስት እንዳሳደገች ያወቅኩት ይህን ካርታ ስስል ነው። አራቱን ማንም አንስቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ በእያንዳንዱ ሰው ሥር ሦስት ነገር ጻፉ። ሲናደድ ምን ያደርጋል? ሲያዝን ምን ያደርጋል? ልጅ ሲያለቅስበትስ?

መልሱ ዱላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ቤት የእናቴ ወገን እጅ አያነሳም። ያኮርፋል። እናቴ ከተቀየመች ሦስት ቀን ላታናግረኝ ትችላለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። ቁንጥጫው በአምስት ደቂቃ ያልፋል። ኩርፊያው ግን ልጁን «ምን አድርጌ ይሆን?» እያለ ሲያባንነው ያድራል። ኩርፊያ በሦስት ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ ካርታዬ ላይ ሳየው ገረመኝ። የእናቴ እናት፣ እናቴ፣ እህቴ፣ ከዚያ እኔ በባለቤቴ ላይ።

በመጨረሻ ዓመተ ምሕረቶችን በዳር ጻፉ። 1966 (አብዮቱ)፣ 1969 (ቀይ ሽብር)፣ 1977 (ረሃቡ)፣ 1990 (የኤርትራ ጦርነት)፣ 2013 (የሰሜኑ ጦርነት)። እያንዳንዱ ሰው በዚያ ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? አባቴ የተወለደው በ1947 ነው። በ1970 ቀይ ሽብር ሲፋፋም 23 ዓመቱ ነበር። ይህን ሒሳብ አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ በ23 ዓመቴ ያስጨንቀኝ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፌ ነው።

ደረጃ 2፦ ትልልቆቹን ጠይቁ፣ ግን በዘዴ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሽበት። እኔም መጀመሪያ አበላሽቼዋለሁ። አባቴን «ለምን ነበር የምትመታኝ?» አልኩት። «ታዲያ ሰው አልሆንክም?» አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ። በቃ።

ስለ እናንተ አትጠይቁ። ስለ እነሱ ልጅነት ጠይቁ። «ልጅ ሆነሽ ስትታመሚ ማን ነበር የሚያስታምምሽ?» «እርስዎን አባትዎ ሲቆጡ እንዴት ነበር?» «ከቤት ርቀህ መጀመሪያ ያደርከው መቼ ነው?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን አይከስስም። የሆነ ሰዓት፣ የሆነ ቤት፣ የሆነ ሽታ ያስታውሳል።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ምርመራ ይመስላል። ቡና ሲፈላ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሻላል። ወንድም እህት ተሰብስቦ ባለበት ግን አይሆንም፤ ወዲያው ክርክር ይነሳል። በስልካችሁም አትቅረጹ። የደርግን ዘመን ያየ ሰው የሚቀዳ ነገር ሲያይ አፉን ይዘጋል።

ዋናው ሰው ካልተናገረ ወደ ጎን ሂዱ። ለእኔ የነገረችኝ አክስቴ ናት። የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ተወስዶ ተገደለ። በዚያን ጊዜ የተገደለ ልጅን ማልቀስ እንኳ የተከለከለ ነበር። አያቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። አባቴ ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ «እማ፣ ድምፅሽን አጥፊ» እያለ ይለምናት ነበር።

አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ሁለተኛው ቡና እየፈላ ነበር። እኔ ለሦስተኛው አልቆየሁም።

እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ጥያቄ አትደራርቡ። ዝም በሉ፤ ውኃ ስጡ። ሰውየው «ይብቃን» ካለ ይብቃ። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ 40 ዓመት የያዘውን ሰው በአንድ ቅዳሜ አታስተፉትም፤ ማስተፋትም የለባችሁም። እስራኤል ያሉ የቤተ እስራኤል ልጆችም ይህን ያውቁታል። ወላጆቻቸው በሱዳን በረሃ ሲያቋርጡና መጠለያ ውስጥ ሲጠብቁ 4,000 ገደማ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። እየሩሳሌም ውስጥ መታሰቢያ አለው። ቤት ውስጥ ግን ስለ መንገዱ የማይወራበት ብዙ ቤተሰብ አለ። ልጁ የሚያየው አባቱ ሌሊት መባነኑን ብቻ ነው። ምክንያቱን አያውቅም፤ ሳያውቅ ግን አብሮ መባነን ይማራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምክንያቱን ማወቅ ዱላውን ትክክል አያደርገውም። አባቴ ለምን እንደጮኸብኝ ገባኝ። መጮኹ ግን ጎድቶኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ታሪክ ጻፉ

ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል። እኔን ከሁሉም በላይ ያለፋኝ ግን እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን እየዞረች ታይ ነበር። ያየችው ነገር ማንኛዋም እናት የምታውቀው ነው፦ ልጅ ጠጋ የሚልበት ሰው ሲኖረው ነው ደፍሮ ርቆ የሚጫወተው። የእሷ ተማሪ የነበረችው ሜሪ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ ወላጆቹ ዞረች። ስለ ልጅነታቸው እየጠየቀች አዳመጠቻቸው። የተገኘው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ልጁ በወላጁ ላይ መተማመን መቻል አለመቻሉን ይበልጥ የሚጠቁመው ወላጁ የደረሰበት ነገር አልነበረም። ወላጁ ታሪኩን እንዴት አድርጎ እንደሚተርከው ነው። ክፉ ልጅነት ያሳለፈ ሰው ታሪኩን ሳይሸሽና ሳይሰምጥበት መናገር ከቻለ፣ ልጁ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

እንግዲህ ደብተሩን አውጡና ሁለት ገጽ ጻፉ። እናታችሁን የሚገልጹ አምስት ቃላት፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የምታስታውሱት ቀን። ለአባታችሁም እንዲሁ።

ከዚያ ሁለት ቀን አስተኝታችሁ አንብቡት። «እናቴ በጣም ደግ ነበረች» ብላችሁ አንድም ምሳሌ ካልመጣላችሁ የተዘለለ ነገር አለ። «ገርፎኛል፣ ግን ጥሩ አደረገ፣ ለዚህ አበቃኝ» ብላችሁ ከሆነም እዚያ ጋ ቆም በሉ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንደ መድኃኒት ውጠነዋል። በተቃራኒው ስትጽፉ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ የ30 ዓመት ነገር የትናንት ሆኖ ከታያችሁ እሱም ምልክት ነው። ያን ገጽ ብቻችሁን አትጨርሱት።

የሆነውን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተሰማችሁ ጻፉ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት «በርበሬ ታጠንኩ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» የሚል ነው፤ እንደ ፖሊስ ቃል። ባለሙያዋ አንብባ «ከዚያስ ማን አቀፈህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማልቀስ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው፤ የልጅነቴን ነገር ሳስብ በአዋቂ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ደረጃ 4፦ ለሁለት ሳምንት ቁጣችሁን መዝግቡ

በተቆጣችሁ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ሰውነቴ ምን ተሰማው፣ የተናገርኩት ቃል የማን ነው።

የእኔ ውጤት ያስቃል። በሁለት ሳምንት 11 ጊዜ ጮኼአለሁ። ዘጠኙ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የታክሲ ሰልፍ ቆሜ፣ ምሳ በቅጡ ሳልበላ ቤት የምገባበት ሰዓት። የሦስት ትውልድ ቁስል ነው ብዬ ስብሰለሰልበት ከነበረው ግማሹ ረሃብ ነበር! አሁን ኪሴ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። በር ከመክፈቴ በፊት ደረጃው ላይ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶች ቁልፍ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል።

የቀሩት ሁለቱ ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱም ልጄ እንግዳ ፊት ሲያለቅስ ነው። ደረቴ ይጨንቀኛል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ «ሰው ሰማ» የሚል ስሜት ያንቀኛል። ይሄኛው በቆሎ አይድንም።

ደረጃ 5፦ ቁጣው ሲመጣ

አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። በንዴት ሰዓት አዲስ ቃል አይመጣም፤ የሚመጣው የአባት ቃል ነው። የእኔ ይህ ነው፦ «ተናድጃለሁ። ፊቴን ታጥቤ መጣሁ።» ከዚያ በእርግጥ እታጠባለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ረጅም ትንፋሽ፣ እግርን መሬት ላይ ጠበቅ አድርጎ መቆም።

«መጣሁ» የሚለው ቃል እንዳይቀር። ሳይናገሩ ወጥቶ በር መዝጋት ኩርፊያ ነው። ልጁ የምትመለሱበትን ሰዓት ማወቅ አለበት። ልጁ ገና ሁለት ሦስት ዓመቱ ከሆነ ከክፍል አትውጡ፤ እዚያው ተቀምጣችሁ ተንፍሱ።

ደረጃ 6፦ ካበላሻችሁ በኋላ መጠገን

ታበላሻላችሁ። ማንም ሰው ያበላሻል። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እናቶችንና ሕፃናትን በካሜራ እየቀረጸ አጥንቷል። ጥሩ የሚባሉት እናቶች እንኳ ከልጃቸው ጋር የሚገጣጠሙት ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ለሚያህለው ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ መሳሳትና መመለስ ነው። ሕፃኑ ከመመለሱ ነው የሚማረው።

ችግሩ እኛ ዘንድ ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። «ይንቀኛል» ይባላል። ብዙ አባት ልጁን ከመታ በኋላ ብስኩት ይገዛለታል፤ ይህ የእሱ ይቅርታ ነው። ብስኩቱ ክፉ አይደለም። ግን ልጁ የሚረዳው «መታኝ፣ ከዚያ ብስኩት ሰጠኝ» ብሎ ነው። ምን እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ተናገሩ።

ንዴቱ ካለፈ በኋላ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን፣ ቁጭ በሉና ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ይሁን። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩ፦ «ሻይ ስትደፋ ጮኼብሃለሁ። ጣቴን ቀስሬብሃለሁ። አስደንግጬሃለሁ። ይቅርታ።» እዚህ ላይ ቆም። «ግን አንተም…» አትበሉ። «ግን» የተባለችዋ ቃል ይቅርታውን ታነሳዋለች። «ና ሳመኝ»ም አትበሉ፤ እቅፉን እሱ ካመጣ ይምጣ። ቀጥሎ በሌላ ጊዜ የምታደርጉትን ንገሩት፦ «ሌላ ጊዜ ስናደድ ፊቴን ልታጠብ እሄዳለሁ።» በመጨረሻ ሻዩን አብራችሁ ጥረጉ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ስለጠየቃችሁ ምንጣፉ አይደርቅም።

የእኔ ልጅ «እሺ» ብሎ ወደ መጫወቻ መኪናው ተመለሰ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ፊልም ላይ እንደሚታየው ይጠመጠምብኛል ብዬ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሲታጠብ ነው ድንገት «ባቢ፣ አባባም አንተን ይቅርታ ይሉህ ነበር?» ያለኝ። ልጅ ነገሩን ወዲያው አይመልስም። ይዞት ይዞራል።

ልጁ 20 ወይም 30 ዓመት ከሞላውስ? ያው ነው። በስልክም ይሆናል። «ትንሽ ሳለሽ አመናጭቅሽ ነበር። ትክክል አልነበርኩም» ማለት በቂ ነው። እሷ ከተናደደች ትናደድ። «እኔም እኮ እንዲህ አሳልፌ…» ብላችሁ የእናንተን ታሪክ ለማውራት አትቸኩሉ። ያ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ ዱላውን ካስቀመጥን በኋላ ሥርዓቱስ?

«ታዲያ ሞልቃቃ እናሳድግ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አይደለም። ሕግ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ትንሽ ይሁን፣ የጸና ይሁን። የደፋ ይጥረግ። የሰበረ ከኪስ ገንዘቡ ይክፈል። ስልክ ያለ ፈቃድ የነካ ነገ ስልክ የለም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ዝምድና ይኑረው፤ እናንተ በተናደዳችሁበት ልክ ደግሞ አይለካ።

ሕጉን ለሚጠይቅ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ከሚደርስ የአካል ቅጣት ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ቢከለክልም፣ ለአስተዳደግ ተብሎ የሚሰጥ «ሕጋዊ» ቅጣትን ይተዋል። ሕጉ የተወውን ሁሉ ማድረግ ግን ግዴታ የለብንም።

ቤታችሁ ለየት ያለ ከሆነ

አያት አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ ልጁ ፊት «እርስዎ እኮ ነዎት ያበላሹኝ» የሚል ነገር እንዳታነሱ። ለብቻቸው «እማማ፣ እኔ እሱን በምክር እየያዝኩት ነው፤ ያግዙኝ» ማለት ይሻላል። አባቴ ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ ሰምቶ «የዘንድሮ አባት!» ብሎ ሳቀብኝ። በማግሥቱ ለልጁ ሸንኮራ ገዝቶ መጣ። ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እናት ዓረብ አገር ሄዳ ልጅ ከአያት ጋር ያደገበት ቤት ብዙ ነው። ስትመለስ ልጁ አያቱን «እማ» ይላል፤ እሷን በስሟ ይጠራታል። ይህ ንቀት አይደለም፤ ጠጋ የሚልበትን ሰው ነው የያዘው። ከአያቱ በአንድ ቀን አትለዩት። ወራት ስጡት። እዚያው ላላችሁት ደግሞ፣ ከረጅም የአንድ ቀን ጥሪ ይልቅ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት የሚደረግ አጭር ጥሪ ይሻላል። «ላንተ ብዬ ነው የተሰደድኩት» የሚለውን ቃል አትደጋግሙት። እውነት ነው። ልጁን ግን ባለዕዳ ያደርገዋል።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ። ልጅ የወላጁ አስተርጓሚ ሲሆን ወላጅ ይሆናል። የኪራይ ደብዳቤ ማንበቡ ይሁን። ሐኪም ቤት ስለ ድብርታችሁ እንዲያስተረጉም ግን አታድርጉ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ወደ ባለሙያ መቼ?

ደብተር የማይችለው ነገር አለ። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ መጠጥ ካልያዛችሁ መረጋጋት ካልቻላችሁ፣ ልጁን ልትጎዱት እንደምትችሉ ከፈራችሁ ሂዱ። አራስ እናት ሁልጊዜ ስታለቅስ፣ ልጇን ማየት ሲያስጠላት «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ብላችሁ አታሳልፉት። ንግግር ያቆመ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ወይም ራሱን የሚጎዳ ልጅም እንዲሁ። መሞትን የሚያስብ ሰው ካለ ግን ሦስት ወርም ካርታም አያስፈልግም። ዛሬውኑ ነው። ብቻውን እንዳትተዉት።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በርካታ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። በጭንቅ ሰዓት በስልክ የሚያናግር ሰው ለማግኘት አሜሪካ ያላችሁ 988፣ እስራኤል ያላችሁ 1201፣ እንግሊዝ ያላችሁ 116 123 ደውሉ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ንስሐ አባቱንም ያማክር። የታዘዘለትን ኪኒን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አያቋርጥ።

ስትሄዱ ካርታውን ያዙ። መጀመሪያ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የነበረበት ሰው አለ?» የሚለው ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደናገራል። እኔ ወረቀቱን አራት አጥፌ ኪሴ ከትቼ ነበር የሄድኩት። ባለሙያዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስለ አባቴ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቷን መጀመሪያ ያሳረፈችው አያቴ ላይ ነው።